ብቻ መሄድ ምን ነውር አለው?

እኛ አገር ከመንገድ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው “ከማን ጋር ሄድሽ?” ተብሎ ነው። የት ሄድሽ፣ ምን አየሽ የሚባለው ኋላ ነው። “ብቻዬን” ብሎ የመለሰ ደግሞ ወይ ከሰው የተጣላ ወይ የከፋው ይመስላል። ተረትና ምሳሌዎቻችንም ብቻ መሆንን እምብዛም አይወዱም። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንላለን፤ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ብለንም እናሾፋለን። አብሮ መብላትና አብሮ ማልቀስ ያሳደገን ሰዎች ስለሆንን አይገርምም፣ እኔም በዚህ ባህል እኮራለሁ። ሆኖም ጋዜጠኛ እሆናለሁ ብሎ ለሚማር ሰው በዓመት አንድ ቀን እንኳ ብቻውን በእግሩ መሄድ ትልቅ ትምህርት ነው ባይ ነኝ።

ባለፈው ጥር ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ወዳለችው ቱሉ ጉዶ ደሴት ሄጄ ነበር። የዝዋይ ከተማ (ዛሬ ባቱ ትባላለች) ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፣ ስሟም በኦሮምኛ “ትልቅ ተራራ” ማለት ነው። አናቷ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተቀምጣለች የሚል ትውፊት አለው። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ሴማዊ ቋንቋ ነው።

ይህን ሁሉ ሳልሄድም ማንበብ ይቻላል፣ አንብቤዋለሁም። እግሬ ያስተማረኝ ሌላ ነው።

ጀልባው አውርዶኝ ሲመለስ ዙሪያው ጭር አለ። ከዳር ፊላው ይንሿሿል፣ አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሟል፣ ሌላ ነገር የለም። ሽቅብ ስወጣ ግራር፣ ቁልቋል፣ ድንጋይ ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ምድረ በዳ ይመስላል። ግን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ድንጋዩ ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም። በረድፍ በረድፍ ተክቧል፤ ከዳገቱ ሥር እስከ ወገቡ እርከን በእርከን ነው። ማን ካበው? መቼ? ይህን የምጠይቀው ጓደኛ አጠገቤ የለም። ስለዚህ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ አንዲት እናት አስቆምኩ።

“እማማ፣ ይሄ ድንጋይ መቼ ነው የተካበው?”

ሳቁብኝ። “መቼ ይባላል እንዴ የኔ ልጅ? በየዓመቱ ነው እንጂ። ክረምት ያፈርሰዋል፣ እኛ እንክበዋለን። ዝም ካልነው መሬቱ ሐይቅ ይገባል።”

ምን አለፋችሁ፣ ለእኔ የጉዞው ፍሬ ይቺ መልስ ናት። በሬዲዮም በመጽሔትም ስለ ሐይቆቻችንና ስለ ደሴቶቻችን ሲወራ “ሰው ያልነካው ተፈጥሮ” የሚል ሐረግ አይጠፋም። ለጆሮ ደስ ይላል። ግን በየዓመቱ በእጃቸው እየካቡ መሬቱን ያቆዩትን ሰዎች በአንድ ቃል ያጠፋቸዋል። ያልተነካ ያልነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ያልጠየቅነው ቦታ ነው።

“ይህን ከጓደኞችሽ ጋር ሄደሽም ትጠይቂ ነበር” የሚለኝ ይኖራል። አይመስለኝም። እስቲ የመስክ ጉዟችንን እናስታውስ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ እንሄዳለን፣ እንዘፍናለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አስጎብኚው የሚናገረውን አርባ ሆነን አንድ ዓይነት ማስታወሻ እንይዛለን። ቀኑን ሙሉ የምናወራው እርስ በርሳችን ነው። የአገሩ ሰውም መንጋ ሆነን ስንመጣ ዳር ይዞ ያየናል እንጂ አይጠጋንም። ብቻውን የመጣ እንግዳ ግን ያሳዝናል መሰለኝ፣ “ሰው የለሽም እንዴ?” ብሎ የሚጠጋው አያጣም። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ስለ አደጋው አንነጋገር ማለቴ አይደለም። ብቻ መሄድና ተሰውሮ መሄድ ይለያያሉ። የት እንደምሄድና በስንት ሰዓት እንደምመለስ የዶርም ጓደኛዬ ታውቅ ነበር። ጀልባ ነጂው መጥቶ የሚወስደኝ ሰዓት ተቆርጧል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ቀጠሯችን ከዚያ በፊት ነበር። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በጨለማ ስለሆነ ንጋትና ምሽት ላይ ውኃው ዳር አይኬድም። ውኃ፣ ባርኔጣ፣ የተሞላ ስልክ፣ በቃ። ሰላም ወደሌለበት አካባቢ ደግሞ ብቻም ሆነ በቡድን ሂዱ አልልም፤ ዛሬ አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ለሴቶች ነገሩ ይከብዳል፣ እሱንም አልክድም። ወንድሜ ብቻውን ቢሄድ “ጎበዝ” ይባላል፤ እኔ ስሄድ “ምን ነካት?” ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም፣ ጥንቃቄም ከእኛ የበለጠ ያስፈልጋል። ግን ነገ ስንመረቅ ወሬ ያለው ሰው ሊያጅበን በሚችልበት ቦታ ብቻ ሊሆን ነው? ሁልጊዜ አጃቢ የምትጠብቅ ዘጋቢ፣ አጃቢ ያላገኘችበትን ታሪክ ሌላ ይጽፍባታል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለትምህርት ክፍላችን አቀርባለሁ። በሁለተኛ ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቀን ብቻውን በእግሩ ሄዶ ሦስት ገጽ ይጻፍ። ደሴት መሆን የለበትም፣ ገንዘቡም የለንም፤ ደኅንነቱ የታወቀ ኮረብታ ወይም ወንዝ ዳር ይበቃል። የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት ለመምህሩ አስመዝግቦ ይሂድ። ማርኩም ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዘ ተብሎ አይሰጥ፤ ከማያውቀው ሰው ምን ጠይቆ ምን ሰማ ተብሎ ይሰጥ። መምህራኖቻችን የተሻለ ሐሳብ ካላቸው ይኸው መድረኩ፣ ይጻፉበትና እንከራከር።