በአንድ ፊርማ የወጡ ልጆቼ

ይድረስ ጉዳዬን ለያዘው ፍርድ ቤት ክቡር ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣ ስምዎንም የፍርድ ቤቱንም ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም፤ ልጆቼ እንዳይታወቁብኝ ነው። መዝገቡን እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ ከጋብቻው ሳይሆን ከትምህርት ቤት መሸኛው ልጀምር።

መሸኛው ግማሽ ገጽ ነው። የልጄ ስም፣ አራተኛ ክፍል መሆኗ፣ ከታች ክብ ማኅተም። «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ ያለው የአባቷ ፊርማ ብቻ ነው። የተፈረመው የፍቺ መዝገባችን ተከፍቶ፣ ችሎቱ የልጆቹን ጉዳይ ለማየት ቀን ከቆረጠ በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሩን ስጠይቃቸው «አባቷ ‹እናትየው ተስማምታለች› ብሎናል» አሉኝ። እኔ ከአጥሩ ማዶ እንጀራ እየሸጥኩ ነበር፤ ቢጠሩኝ እሰማለሁ። በማግስቱ ንጋት ላይ ሁለቱም ልጆች በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ልጄ የጓደኛዋን የሒሳብ ደብተር «ሰኞ እመልስልሻለሁ» ብላ ተውሳ ነበር። የጓደኛዋ እናት ባገኘችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

ያንን ወረቀት ለችሎቱ አቀረብኩ። የተሰጠኝ ቀጠሮ ነው። ዳኛ ተቀየሩ፣ ቀጠሮ። ተጠሪ መጥሪያ አልደረሳቸውም፣ ቀጠሮ። ስምንት ደርሷል። በአምስተኛው ስለ ልጆቹ ጊዜያዊ ትእዛዝ ተሰጠኝና ተበድሬ አዲስ አበባ ወረድኩ። እዚያ ያነጋገርኩት ሰው ወረቀቱን አገላብጦ «ይሄ የክልል ነው» ብሎ መለሰልኝ። የአንዱ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሌላው በኩል ሊፈጸም እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ይናገራል። ይህን እኔ እንጀራ ሻጯ ካወቅሁት፣ በደመወዝ የሚያውቁት የት ሄደው ነው? ይቅርታዎን፤ ከአፌ አመለጠኝ።

የሰቆጣ ሰው ይፍረደኝ። አባታቸው ክፉ ሰው ነው አልልም። ለችሎቱ የላከው መልስ «አካባቢው ሰላም የለውም፣ ትምህርቱም ይቆራረጣል» ይላል። ውሸት አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትንሹን አዝዬ፣ ትልቋን እጇን ይዤ በእግር የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ግን ይህን የሚመዝነው ማን ነበር? የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ አለ። አዲስ አበባ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 213/1992 ፍቺ ሲወሰን የልጆችን አኗኗር፣ ትምህርታቸውንና ከወላጆቻቸው ጋር የሚገናኙበትን ሁኔታ ፍርድ ቤት ይወስናል ይላል። ሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ አንድ አባት ልጁን ካሳደገች አክስት ልውሰድ ባለ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሕፃን ጥቅም ይታያል ብሎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሷል። የሰበር ትርጉም ሁላችሁንም እንደሚያስገድድ ለእርስዎ አልነግርም።

የእኔን ልጆች ጥቅም ግን እስካሁን የመዘነ የለም። ሹፌሩና ማኅተሙ ወሰኑት።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በከተማችን ስም ጠራው። ጤና ባለሙያዎች የትንሹን ልጄን ክንድ በሜትር ለክተው መዝግበዋል። የክንዱን ውፍረት የሚያውቅ መንግሥት በየትኛው ክልል እንደሚያድር አያውቅም። እናቴ ከኽምጣና በቀር ቋንቋ የላትም። በፊት ትንሹ በስልክ ያዋራት ነበር። አሁን ሰላም ስትለው ዝም ይላል፣ ከዚያ ስልኩን ለአባቱ ያቀብላል። እሷም ስልኩን ትመልስልኝና ወደ ምጣዱ ትዞራለች።

የምጠይቀው ትእዛዙ እንዲፈጸም ነበር። ስምንት ቀጠሮ ሲያስቀምጡኝ ግን ብዙ አሰብኩ። የፍቺ መዝገብ በተከፈተ ዕለት «ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ልጅ ከክልል አይወጣም» የሚል ትእዛዝ አብሮ ይውጣ። ትምህርት ቤት ያለ ሁለቱ ወላጆች ፊርማ መሸኛ አይስጥ፤ አንዱ ከሌለ ፍርድ ቤት ይፈርም። ችሎቶቻችሁ ለኽምጣና ተናጋሪ አስተርጓሚ ያዘጋጁ፤ አንዲት የዳህና ሴት በምልክት ስትከራከር አይቻለሁ። እዚህ ላይ ከሥልጣንዎ በላይ እንደምጠይቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልበል። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተፈረመውን፣ ድንበር አሻግረው የተወሰዱ ልጆችን የሚያስመልሰውን የሔግ ስምምነት ኢትዮጵያ አልገባችበትም፤ ትግባበት። ልጆቿ ከአዲስ አበባ አልፈው ውጭ አገር ለተወሰዱባት እናት ማን ይድረስላት?

ዘጠነኛው ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። መሸኛውን ይዤ በጠዋት እመጣለሁ፤ ደብተሩንም ከአዲስ አበባ አስልኬ ለባለቤቷ ልመልስ እየሞከርኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ሰቆጣ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ምክር ቤት
ለዋግ ኽምራ ሕዝብ