ሒሳቡ ልክ ነው፤ ባለሙያው ግን ዝም ብሏል

አንድ የአክሲዮን ኩባንያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ሪፖርቱን አርባ ደቂቃ ያህል አነበበ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቁጥር። ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ አተረፍን ነው ወይስ ከሰርን?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው «ገጽ 14 ላይ ተቀምጧል» ብሎ ማይኩን አስረከበ።

የሚያስቁት አዛውንቱ አልነበሩም።

ሶፍት ስኪል ሲባል ብዙ የሒሳብ ባለሙያ ፈገግ ይላል። አንዳንዶች «ለስላሳ ክህሎት» ብለው ተርጉመውታል፤ ስሙ ራሱ ከምሳ ጋር የሚታዘዝ ለስላሳ አስመሰለው። ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ውኃ ይበቃል! እኔ ግን ይህ ንቀት ገንዘባችንን እያስበላን ነው እላለሁ።

የወርልድኮምን ታሪክ አስታውሱ። ግዙፉ የአሜሪካ ቴሌኮም በ2002 የወደቀው ዴቢትና ክሬዲት የሚያውቅ ሰው አጥቶ አይደለም። ቤቲ ቪንሰን የተባለችው የሒሳብ ባለሙያ፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪን ቋሚ ንብረት አስመስላ እንድትመዘግብ አለቆቿ ሲያዟት ስህተት መሆኑን በደንብ ታውቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተቃውማለች። አባበሏት፣ ተረታች፣ ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር መዘገበች። መጨረሻዋ የአምስት ወር እስራት ሆነ።

በዚያው ኩባንያ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ የነበረችው ሲንቲያ ኩፐር ደግሞ፣ የፋይናንስ አለቃው ምርመራውን እንድታዘገይ ሲጠይቃት እምቢ አለች። ያገኘችውን ይዛ ወደ ቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ሄደች። 3.8 ቢሊዮን ዶላር የተደበቀ ወጪ አደባባይ ወጣ።

«ይህ የሕሊና ጉዳይ ነው እንጂ የክህሎት አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ሕሊናማ ቪንሰንም ነበራት። ያጣችው አለቃ ፊት ቆሞ «አይሆንም» የማለትን፣ ለማን፣ መቼና በምን ማስረጃ መናገር እንዳለባት የማወቅን ብልሃት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች ፌዴሬሽን እንኳ በትምህርት ደረጃው ውስጥ የመግባባት ክህሎትን ከሙያው ክህሎቶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ለጌጥ አይደለም።

እኛስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። የአካውንቲንግ ተማሪያችንም ኮምፒውተር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይመርጣል። «ይህን ደረሰኝ አልቀበልም፣ ምክንያቱም…» ብሎ ለተቆጣ ሥራ አስኪያጅ ማስረዳት መቻሉን በምርጫ ጥያቄ እንዴት ይለኩታል? ቀጣሪውም የሚጠይቀው «ፒችትሪ ትችላለህ? አይኤፍአርኤስ ታውቃለህ?» ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም የሚል ሒሳብ ሠራተኛ የሚመቸው አለቃ ብዙ ነው።

ልብ በሉ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቧል፤ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። በጥር ደግሞ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ተከፈተ። ከእንግዲህ የሒሳብ ሪፖርት የባንክና የገቢዎች ወረቀት ብቻ አይደለም። ከደመወዙ ቆጥቦ አክሲዮን የገዛ አስተማሪም «ገንዘቤ ምን ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ሊገባው በሚችል ቋንቋ የሚመልስለት ካጣ፣ ወይ በወሬ ይሸጣል ወይ በወሬ ይገዛል።

«መጀመሪያ ሙያውን በቅጡ ይቻሉት፤ አፈ ጮሌ አካውንታንት ምን ያደርግልናል?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ልክ ነው፣ አፈ ጮሌ ሌባ አይተናል። ግን ሜዳውን የለቀቀለት ማን ነው? እያወቀ ዝም ያለው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ቀጣሪዎች ሆይ፣ በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ነገር ሞክሩ። ለዕጩው የሒሳብ መግለጫ ስጡትና ለጥበቃው ወይም ለሹፌሩ እንዲያስረዳ ጠይቁት። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪውን አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ እንዲከራከር አድርጉት።

አዛውንቱ መልስ ሳያገኙ ወጥተዋል። ገጽ 14ን አየሁት። ከስረው ነበር።