ክብሪት ማሰሪያ አይደለም

ስለ ድርሰት መጨረሻ የምትከራከሩ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ገመድ መጨረሻ ስሙኝ።

«የገመድን ጫፍ በሲባጎ መጠምጠም የሥራ ፈት ሙያ ነው» የሚሉኝን አልቀበልም። እነርሱ ክብሪት ጭረው የናይለኑን ጫፍ ያቀልጡና «ተዘጋ» ይላሉ። የቀለጠው ጫፍ ደርቆ ሲሰነጠቅ የማንን መዳፍ ይቆርጣል? ለቃጫ ገመድስ ምን መላ አላቸው? ቃጫ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም!

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ሲባጎውን አጥፎ በገመዱ ጫፍ ላይ ማጋደም፤ በእጥፉ ላይ እያጠበቁ መጠምጠም፤ ጥምጥሙ የገመዱን ውፍረት አንድ ተኩል ሲያህል የሲባጎውን ጫፍ በእጥፉ ቀለበት አሾልኮ፣ ሌላውን ጫፍ ስቦ ቀለበቱን ከጥምጥሙ ሥር ማስገባት፤ ትርፉን መቁረጥ። ቋጠሮ የለበትም፤ ሲባጎው ራሱን በራሱ ጨብጦ ይኖራል።

እጀታም እንዲሁ ነው። አባቴ የመጥረቢያውን እጀታ በሲባጎ ሲጠመጥም «ለጌጥ ነው» እያልኩ እስቅ ነበር። በላብ የራሰው የእኔ መጥረቢያ ከመዳፌ አዳልጦ ከታናሽ ወንድሜ እግር አንድ ስንዝር ርቆ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ግን አልሳቅሁም።

ስለዚህ እላለሁ፦ አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል የሌላ ሰው አካል መያዣ አይደረግም።