«ባላገር» ስድብ አይደለም፤ ማዕረግ ነው!

ወገን፣ ዛሬ ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም።

ሁለት ልጆች ኦንላይን ሲጣሉ መጀመሪያ የሚወረወረው ስድብ ምንድነው? «ባላገር!» ካልሆነም «ገጠሬ!»፣ «ፋራ!»። ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የከረመ ልጅ የሉማሜን፣ የቢቸናን፣ የደጀንን ቃና ከምላሱ ላይ ሲፍቅ ታየዋለህ። ለምን? «ባላገር» እንዳይሉት ፈርቶ እኮ ነው!

እስቲ ቃሉን እንፍታው። ባለቤት ማለት የቤቱ ጌታ ነው። ባለርስት የርስቱ ጌታ ነው። ባለንብረት ንብረቱ የእሱ ነው። ታዲያ «ባለ» ላይ «አገር» ስትጨምርበት ምን ይወጣል? የአገር ጌታ! ይሄ ነው እንግዲህ ስድብ ብለህ የምትወረውረው። ሰውየውን «የአገሩ ባለቤት» እያልክ ልታዋርደው ትሞክራለህ። ማን ላይ ነው የሚሳቀው?

«ገበሬ»ንም እንየው። ግዕዙ «ገብረ» ይላል፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ገበሬ የሚሠራ ሰው ነው። ከዚያው ሥር «ገባር» እና «ግብር» ወጡ። ሠራተኛውም፣ አገሩን በግብር ያቆመውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ስለምትወዱ ከእሱም እንምጣ። «ካንትሪ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ፎርም ስትሞላ «ካንትሪ» ካለህ አገርህን እየጠየቀህ ነው። «ካንትሪ ሳይድ» ካለህ ገጠሩን ማለቱ ነው። «ካንትሪ ሙዚቃ» ደግሞ የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ነው። አንድ ቃል፤ አገርም ነው፣ ገጠርም ነው። ሥሩ የላቲኑ «ኮንትራ» ነው፤ ፊት ለፊት፣ ትይዩ ማለት። ቆመህ ስታማትር ፊት ለፊትህ የተዘረጋው ምድር ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ።

የእኛም «አገር» እንደዚያው ነው። ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ሰው «አገሬ» ሲል ቀዬውንም፣ ጎጃምንም፣ ኢትዮጵያንም ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው «አገር ቤት ልሄድ ነው» ካለ ወደ ገጠር ዘመዶቹ ነው። ዋሽንግተን ያለው ያንኑ ካለ ቦሌ ሊያርፍ ነው። ገጠሩን ከአገሩ ለይተህ ልታወጣ ብትሞክር ቋንቋው ራሱ እምቢ ይልሃል።

ግን እንግሊዝኛውም ንጹሕ አይደለም። ፊልም ላይ ክፉውን ሰው «ቪለን» ይሉታል አይደል? መነሻው «ቪላ» ነው፤ የጌታ እርሻ። «ቪለን» እዚያ እርሻ ላይ ታስሮ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። «ፔጋን» አረመኔ ማለት ነው ዛሬ፤ በላቲን ግን መነሻው የገጠር ነዋሪ ነው። «ቡር» ማለት ባለጌ፣ ስድ ነው፤ ከኔዘርላንድ ቋንቋ ሲመጣ ገበሬ ማለት ነበር። በአንጻሩ «ኧርቤን» የሚሉት ጨዋ፣ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ሥሩ ከተማ ነው። አየህ አካሄዱን? አራሹ ክፉ፣ አረመኔ፣ ባለጌ ሆነ። ከተሜው ጨዋ ሆነ። ለምን ቢባል፣ ብዕሩ በጌታውና በከተሜው እጅ ነበር። አራሹ ሞፈር እንጂ መዝገበ ቃላት አልያዘም።

ያው በሽታ እኛም ቤት ገብቷል። «አራዳ» እኮ የአዲስ አበባ የገበያ ሰፈር ስም ነው። ዛሬ ብልጥ፣ የነቃ ማለት ሆኗል። የሚሸጥበት ቦታ ብልጥ፣ የሚመረትበት ቦታ ፋራ! ጤፉን ከአደትና ከቢቸና እየበላህ ያበቀለውን ሰው ስም ለስድብ ትጠቀምበታለህ።

«ኧረ አታካብድ፣ ቃል በዘመን ይለወጣል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይለወጣል። ጥያቄው ማን ለወጠው፣ ማን ተጠቀመበት ነው። ደንቆሮ ነው ብለህ የፈረጅከውን ሰው አታማክረውም። ማዳበሪያ ሲዘገይበት ጩኸቱን አትሰማም። እህሉን በርካሽ ሲሸጥ የሚገባውን አገኘ ትላለህ። የእሱ ልጅ ደግሞ በአነጋገሩ አፍሮ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም። ስድቡ ከአፍ ይጀምራል፤ መጨረሻው ግን ማሳና ክፍል ውስጥ ነው።

ባላገሩን ሳያማክሩ መግዛት ምን እንደሚያስከትል 1960 ዓ.ም. ይመስክር። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ባላገር «ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ። ሞጣም ቢቸናም ተነቃነቀ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ ግን ከቦታቸው የተነሡት ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ናቸው። ይህን የማነሣው ጠመንጃ ለማወደስ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ፣ አስቀድሞ የጠየቀው ቢኖር! «ምን ያውቃል» የተባለው ሰው የርስቱንም የግብሩንም ነገር ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ቀድመው አይተውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው፤ ከዐመፁ ሁለት ዓመት በፊት። እዚያ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን የሚጋፈጡት ባላገሮች ናቸው፤ መሪያቸው አበጀ በለው ነው። በዛብህስ የማን ልጅ ነው? የማንኩሳ ድሃ ገበሬ ልጅ! ቅኔ የተቀኘውም እሱ ነው።

ቅኔ ካልን አይቀር፣ ዲማንም፣ ዋሸራንም፣ ጎንጅንም ያቆማቸው ማነው? ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የተማረው የባላገር ልጅ ነው። አንዱን ቃል ሰምና ወርቅ አድርጎ መክፈል የሚችል ሕዝብ ልጅ ሆነህ፣ የራስህን ስም ሰሙን ብቻ ይዘህ ትቀራለህ?

እንግዲህ ሰሙ ገጠሬ፣ ወርቁ የአገር ባለቤት። ወርቁን ያዝ!

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው «ባላገር» ብሎ ሊሰድብህ ሲነሣ አትናደድ፣ መልሰህም አትሳደብ። «አዎ፣ ባለ አገር ነኝ። አንተስ ባለ ምን ነህ?» በለው። አንቺም እህቴ፣ እናትሽ ስልክ ስትደውልልሽ ጓደኞችሽ ፊት ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። በሚያውቁት ቃና፣ በአገርሽ ቃና መልሺላቸው።

ቃላችንን ካላስመለስን ሌላውን ማስመለስ ዘበት ነው። ለአንድ «አራዳ» ጓደኛህ ሼር አድርግለት!