ለላላ መሪ ብሎን ማጥበቅ ጥገና አይደለም

በዱብሉቅ፣ በሞያሌ ወይም በኢሲዮሎ ገበያ በግና ፍየል የሚያመላልሱ ብዙ ፒክአፖች ዕድሜ ጠገብ ናቸው። በዕድሜያቸው ቅሬታ የለኝም። የድሮ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር መንገዳችንን ይችላሉ፣ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ቅር የሚለኝ መሪያቸው ሲላላ የሚደረግላቸው ሕክምና ነው። ሾፌሩ «መሪው ይጫወታል» ይላል፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በመሪው ማርሽ ሳጥን ላይ ያለውን ዳዶ ፈታ ያደርግና ማስተካከያ ብሎኗን በካቻቢቴ ጠበቅ ያደርጋታል። ሂሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ይጫናል።

እኛ የእንስሳት ጤና ሰዎች ይህን ልማድ እናውቀዋለን። የከሳች ላም ሁሉ ሳትመረመር ኦክሲቴትራሳይክሊን ትወጋለች፤ በሽታው ገንዲ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አያድናትም፣ ገንዘቡም ባክኗል።

የብሎኗ ነገር ከዚያም ይብሳል። የመሪ ማርሽ አብዝቶ የሚበላው ቀጥ ብሎ በሚነዳበት መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። መካከሉ እስኪጠብቅ ካጠበቁት ጎንና ጎኑ ላይ ይነክሳል፤ ከኩርባ ሲወጡ መሪው በራሱ አይመለስም፣ ማርሹም ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ አይደለም። የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች አልቀው፣ የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ ወይም ሳጥኑን ከሻሲው ጋር የያዙት ብሎኖች ተፈተው ሊሆን ይችላል። የጎማ ንፋስ ማነስ እንኳ መሪን ያንገዋልላል።

ምርመራው ሁለት ሰውና አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ (የኃይል መሪ ካለው ሞተሩ ተነስቶ) አንዱ መሪውን ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይወዝውዝ። ሌላው የእጅ ፍሬን መያዙን፣ ጎማውም በድንጋይ መታገዱን አረጋግጦ ከታች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ ይዳስስ። አንዱ ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ ያለቀው እሱ ነው። ቀጥሎ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ ፍሬን ይረገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ለድሮ ፒክአፖች የሚፈቅዱት የመሪ ጨዋታ እንደ ሞዴሉ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ በመሪው ዙሪያ ጠርዝ ላይ ሲለካ። ብሎኗ የምትነካው ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው፤ መገጣጠሚያ ከተቀየረ ደግሞ የጎማ አሰላለፍ ማስተካከል ግድ ነው። ማቆሚያ ፒኗን በሚስማር የሚተካ መካኒክ ካያችሁ መኪናውን ይዛችሁ ውጡ።

ለመንገደኛ መኪና ይህ ሁሉ ጭንቀት ሊመስል ይችላል። ፍየል ግን ሲሚንቶ አይደለም፤ በኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ይገፋፋል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይደረደራል። ጭነቱ ከኋላ እግር አልፎ ከተንጠለጠለ ደግሞ የፊት ጎማ ይቀልላል። በዚህ ላይ የላላ መሪ ሲጨመር ሾፌሩ መኪናውን የሚያስተካክለው ከዘገየ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? መልሱ ከመካኒክነት ይልቅ ኢኮኖሚክስ ነው። የመለዋወጫውን ወጪ የሚከፍለው የመኪናው ባለቤት ነው፤ እሱ ከተማ ነው ያለው። ሾፌሩ የሚያገኘው በምልልስ ቁጥር ነው፣ ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የለውም። መንገድ ላይ መገጣጠሚያው ሲወልቅ የሚከስረው ግን የበጎቹ ባለቤት ነው፤ እግሩ የተሰበረ በግ፣ ያለ ውሃና መኖ በዋለ መንጋ ላይ የሚወርድ ክብደት፣ ያመለጠ የገበያ ቀን። ገበያው በሳምንት አንዴ በሚቆምበት ቦታ ያመለጠ ቀን ማለት የሌላ ሳምንት መኖ ነው፣ አለዚያም ደላላው በቆረጠው ዋጋ መሸጥ። ከሦስቱ ለጥገናው ምክንያት ያለው ይህ ሰው ነው፤ ስለ መሪው የማይጠየቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመር ያለበት ከእሱ ነው። በማኅበር ተደራጅተው መኪና የሚከራዩ ነጋዴዎች በውላቸው ውስጥ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ከመጫን በፊት መሪው በሁለት ሰው ይፈተሻል፣ መገጣጠሚያው ካለቀ ሳይቀየር አይጫንም፣ የባከነው ጊዜም በባለቤቱ ይታሰባል። የኪራይ ዋጋ ትንሽ ቢጨምርም እኔ እከፍለዋለሁ። «ተቀይሯል» ሲባል ደግሞ አሮጌዋን ዕቃ አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።