ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም
ስለ መኪና ጥገና ክልከላ ከአንድ ነዋሪ የቀረበ ተቃውሞ



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችንም አንብበናል። «በግቢው ውስጥ ማንኛውንም ዓይነት የመኪና ጥገና ማካሄድ ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል። ሐሳቡ የሚጸድቀው ወይም የሚወድቀው በመጪው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ግን እስከዚያ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ምክንያቱም ይህን ማስታወቂያ ያስወጣው አደጋ የደረሰው በኔው መኪና ነው።

ላልሰማችሁ ላስረዳ። የኔዋ ቪትዝ ከከረመች በኋላ የፊት እግሯ ይንኳኳ ጀመር። ጉድጓድ ስትገባ ቋ፣ ፍጥነት መቀነሻ ስትወጣ ቋ። አንድ የሙያ ትምህርት የሚማር የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ጎሚኒው አልቋል፤ ቦል ጆይንቱም ላልቷል፤ እኔ እቀይርልዎታለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ መለዋወጫውን ገዛሁ። በክሪክ አነሣናት፤ ከሥሯም ሁለት ብሎኬት ደረደርን። ብሎኬቱን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ልጁ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ሲታገል እናቱ ከላይ ሆነው «ቡናው ደርሷል፣ ና!» ብለው ተጣሩ። ወጣ። እጁን እንኳ ሳይጠርግ ብሎኬቱ ድሽቅ አለና መኪናዋ ዘጭ! የፍሬኑ ዲስክ ኮብልስቶኑን ነክሶ ቀረ። ልጁ ተኝቶበት የነበረው ካርቶን ከሥሯ ተጨፍልቆ ነበር።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ኮሚቴው ቢደነግጥ አልፈርድበትም፤ እኔም ደንግጫለሁ። ነገር ግን በድንጋጤ የወጣ ደንብ ጥፋተኛውን ለቆ ንጹሑን ሊያስር ይችላል። እኛ ጋ የሆነውም ይኸው ነው። መኪናዋን የጣለው ጥገናው አይደለም፤ ብሎኬቱ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሸክሙ በእኩል ሲያርፍበት ይችላል። አንድ የብረት ጫፍ ብቻውን ሲጫነው ግን ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። ክሪክም ቢሆን ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። ክሪክን ማመን ማለት የአህያ ባል ከጅብ ያስጥላል ብሎ እንደ ማመን ነው።

አሁን ወደ ክልከላው እንምጣ። «ሁሉም ጋራዥ ይውሰድ!» ተብሏል። ለመሆኑ በግቢያችን የቆሙት መኪኖች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ብዙዎቹ እኮ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። እንግዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና ጠግነን ከመያዝ ሌላ ምን ምርጫ አለን? የኤሌክትሪኩንም የገዛ ሰው ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። የነዳጅ ሞተር ባይኖረውም ሞላ፣ ሾክ አብዞርበርና ቦል ጆይንት አለው፤ የባትሪው ክብደትም የሚያርፈው በዚያው እግር ላይ ነው።

እግር ደግሞ እንደ ቀለም «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም። ሾክ አብዞርበር ሲደክም ጎማው መሬቱን ጨብጦ መያዙን ትቶ ይነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው መቆም ካለበት ቦታ አልፎ ይሄዳል፤ ጎማውም አንዱ ቦታ ጎድጎድ አንዱ ቦታ ጉብ ብሎ ይበላል። ቦል ጆይንት ጨርሶ ሲያልቅ ከቦታው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ጎን ተጣጥፎ ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝም። ይህ በቁልቁለት ላይ ቢሆንስ? ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ቢሆንስ? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነው።

ክልከላው ቢጸድቅ ምን እንደሚከተል ልንገራችሁ። ገንዘብ ያለው ጋራዥ ይሄዳል። የሌለው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ የሚንኳኳውን እግር እንደያዘ «እግዜር ያውቃል» እያለ መንዳት ነው። ሁለተኛው፣ ከአጥር ውጭ ወጥቶ በተዳፋቱ መንገድ ዳር፣ ማታ፣ በስልክ መብራት መሥራት ነው። ያው ብሎኬት እዚያም አለ። ልዩነቱ በግቢው ውስጥ ጩኸት የሚሰማ ጎረቤት መኖሩ ነው። ታዲያ ይህ ደንብ ማንን አዳነ? አደጋውን ከዓይናችን አራቀው እንጂ አላስቀረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

የከልካዮቹ ቅሬታ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ዘይት ኮብልስቶኑን ያበላሻል፤ እውነት ነው። እሑድ ጧት በመዶሻ የሚነቃ ሰው ይበሳጫል፤ እኔም እበሳጫለሁ። መኪናውን ፈትቶ መንገድ ዘግቶ ወር ሙሉ የተወም አይተናል። እነዚህ ግን ሥርዓት የሚያሻቸው ጥፋቶች እንጂ ሥራውን ከሥሩ የሚያስነቅሉ አይደሉም።

በሌላ በኩል «እኔ ሁሉን እችላለሁ» የሚሉትንም ወንድሞች አልደግፍም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በቤት የሚሠራና የማይሠራ አለ።

በቤት የሚሠራው ይህ ነው፤ የመሪ ቴስቲና፣ የስታቢላይዘር ማገናኛ፣ በቡሎን የሚታሰር ቦል ጆይንት፣ ከሞላው ተለይቶ የቆመ የኋላ ሾክ አብዞርበር። መሣሪያና ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል። በቤት የማይሠራው ደግሞ የፊት ሾክ አብዞርበርን ከሞላው መለየት ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች፣ የኔዋን ቪትዝ ጨምሮ፣ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። አሠራሩ ማክፈርሰን ከተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጣ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ሞላ ተጨምቆ የታሰረ ነው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛውን መካከለኛ ዳዶ የሚፈታ ሰው ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ፊቱ ላይ ደግኖ ቃታ እንደሚስብ ይቁጠረው። ይህ በሽቦና በገመድ የሚሞከር አይደለም። ሙሉውን አውጥቶ ለባለሙያ ወስዶ ማስቀየርና መልሶ ማሰር ይቻላል፤ ገንዘቡም ይቆጠባል፣ ፊትም ይተርፋል።

ብዙ ሰው የሚስተውን ሌላም ነገር ልጨምር። ሾክ አብዞርበር አንዱ ቢሞት ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ፤ አንድ ጎን ብርቱ አንድ ጎን ደካማ ሆኖ መኪና ቀጥ ብሎ አይቆምም። ጎሚኒ የገባበትን ቡሎን መኪናው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ላላ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ የመኪናው ክብደት በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ አጥብቁት። አለዚያ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይኖርና ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል፤ ከዚያ ባለ ሱቁን «አስመስሎ የተሠራ ሸጠልኝ» ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ነውር ነው። የጎማ ዳዶ በእግር ተረግጦ ሳይሆን በልክ ይታሰር፤ ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ግድም ነው። ቴስቲና ወይም የታችኛው ክንድ ከተነካ አላይመንት ሳይታይ ሥራው አለቀ አይባልም።

እንግዲህ ተቃውሞዬ ባዶ እጁን እንዳይቀር በስብሰባው ላይ ይህን አቀርባለሁ፤

1ኛ/ ከጀርባ ያለችው ሜዳ የሆነች ማዕዘን በሲሚንቶ ተለስና የጥገና ቦታ ትሁን። ከዚያ ውጭ አይሠራ።

2ኛ/ ማኅበሩ አራት የብረት መደገፊያ፣ አራት ታኮ፣ አንድ ጥሩ ክሪክና አንድ ቶርክ ሬንች ይግዛ። መዋጮው ለባለ መኪና ብቻ ይሁን፤ መኪና የሌለው ምን ዕዳ አለበት? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

3ኛ/ በድንጋይ፣ በብሎኬትና በጣውላ ቁራጭ መኪና መደገፍ ፈጽሞ ይከልከል። ክልከላ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው! በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የገባ ከነመሣሪያው ይባረር።

4ኛ/ ብቻውን ከመኪና ሥር የሚገባ አይኑር። አጠገቡ ሌላ ሰው ይቁም፤ ሕፃናትም ይራቁ።

5ኛ/ ሥራው ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ይሁን። መኪናውን ፈትቶ ያሳደረ፣ ዘይት ያፈሰሰ፣ ይቀጣ።

ውድ ነዋሪዎች፣ ያ ልጅ ዛሬ በግቢያችን የሚሄደው በእግሩ ነው። ያተረፈው የኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ የእናቱ ቡና ነው። ሁልጊዜ ግን ቡና በሰዓቱ አይደርስም። አንዲት የብረት መደገፊያ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናቱን ቀና ብዬ ለማየት ባላፈርኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ሌላው እኔ የሠራሁትን እንዳይደግም ነው።

ደግሞም ልጁ ሙያ የሚማር ልጅ ነው። ከልክለን ብናባርረው ነገ ሙያውን ከማን፣ የትስ ይማረዋል? ቦታ እንስጠው፣ መሣሪያ እናቅርብለት፣ አጠገቡም እንቁም።

እሑድ በስብሰባው ላይ አትቅሩ። የሚቃወመኝም ይምጣና ፊት ለፊት ይናገረኝ። ክልከላው ግን በዝምታ እንዳይጸድቅ!

ጥገናውን ሳይሆን ብሎኬቱን እንከልክል!

ከግቢው ነዋሪዎች አንዱ፣ የቪትዟ ባለቤት