እግድ ተጥሶ የቆመ ግድግዳ የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ የለበትም

በአዲስ አበባ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት በይዞታ ክርክር ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጊዜ የሚያግዘው የሚገነባውን ነው። ከሳሽ ቀጠሮ ሲጠብቅ ተከሳሽ አርማታ ይሞላል። የእግድ ትእዛዝ ዓርብ ከሰዓት ቢወጣ፣ ቅዳሜና እሁድ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሚክሰር ሲዞር ይውላል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላም «ፌሮው ይዝጋል፣ ሲሚንቶው ይበላሻል» ተብሎ ሌላ ሶሌታ ይሞላል። ዋናው ክርክር እልባት ሲያገኝ ሕንፃው ተከራይ ገብቶበታል። ያኔ ጥያቄው «መብቱ የማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ሁሉ ገንዘብ እንዴት እናፍርሰው?» ይሆናል።

በእኔ እምነት መፍትሔው አንድ ነው። እግዱ ከደረሰ በኋላ የተሠራው ሥራ፣ ዋናው ጉዳይ እስኪወሰን ሳይጠበቅ፣ በሠሪው ወጪ መነሳት አለበት። ቅጣትና ካሳ ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሊሆኑ አይገባም።

ነገሩ በእኛ አገር ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ግለሰብ የሚሸጠውና የሚያወርሰው በላዩ የሠራውን ነው። ስለዚህ በአከራካሪ ቦታ ላይ ግንባታ ማቆም ማለት፣ ክርክሩ ሳያልቅ አዲስ የንብረት ጥያቄ መፍጠር ማለት ነው። እግዱን የጣሰ ሰው የሚያተርፈውም ይህንኑ ነው።

ሕጋችን ባዶ እጁን አይደለም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 እግድን የፈቀደው፣ የሚያከራክረው ንብረት ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት እንዳይባክን፣ እንዳይበላሽና ለሌላ እንዳይተላለፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይዞታው የታወከበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ተከሳሹ መብቱን ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ ሁከቱ ይወገዳል። ቁጥር 1178 እና 1179 ደግሞ ባለመሬቱ እየተቃወመ የሠራውንና ዝም ብሎ ሳለ የሠራውን ለይተው ይዳኛሉ። የግል ተቃውሞ ይህን ያህል ክብደት ከተሰጠው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከዚያ ሊያንስ አይችልም።

ችሎት በመድፈር መቅጣት አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ቅጣቱ ግድግዳውን አያነሳም። ገንዘብ ያለው ሰው መቀጮውን እንደ አንድ የግንባታ ወጪ ይዞት ሥራውን ይቀጥላል።

ሌሎችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዝ በታየው የዳንኤልና የፈርጉሰን ጉዳይ፣ ተከሳሹ የእግድ አቤቱታ መቅረቡ ሲነገረው ብዙ ሠራተኛ አሰማርቶ ሌሊትም እሁድም በማሠራት ግድግዳውን ወደ 12 ሜትር አደረሰው። የይግባኝ ችሎቱ በዋናው ክርክር ማን እንደሚረታ ሳይመረምር ግድግዳው እንዲፈርስ አዘዘ። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ በወሰደባት በህንድም፣ እግድ የጣሰ ሰው ንብረቱ ሊያዝ፣ እስከ ሦስት ወርም ሊታሰር ይችላል።

«ማፍረስ የአገር ሀብት ማባከን ነው፤ ቤት ቀድመው የገዙ ንጹሐን ይጎዳሉ» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሀብቱ የባከነው እግድ እየታወቀ አርማታ የተሞላ ዕለት ነው። ገዢውም ይበልጥ የሚጎዳው ግንባታው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳይቆም ቀርቶ አሥረኛው ሲደርስ ነው። በሌላ በኩል እግድ ጎረቤትን ማስጨነቂያ እንዳይሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ያሳገደ ከሳሽ ኪሳራ ሊከፍል፣ ቀድሞም ዋስትና ሊያሲዝ ይገባል። የሚነሳውም ከእግዱ በኋላ የተሠራው ብቻ ነው።

ለዚህ ልኬት ያስፈልጋል። እግዱ ሲደርስ ግንባታው ከምን እንደደረሰ በፎቶግራፍና በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ስንት ኮለን ቆሟል፣ የትኛው ሶሌታ ተሞልቷል የሚለው ይመዝገብ። የትእዛዙ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው የሕንፃ ሹምና ለደንብ ማስከበር በዚያው ቀን ይድረስ። ተጥሷል የሚል አቤቱታም በቀናት ውስጥ ይሰማ እንጂ ለወራት አይቀጠር።

ዳኞቻችን በእያንዳንዱ የግንባታ እግድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ፦ «ይህ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ማናቸውም ሥራ በሠሪው ወጪ ይፈርሳል።» ጽፈውም ያስፈጽሙት።